ጠማማው ጭረት

ጥር 16፣ ቅዳሜ

እንደ ወትሮው ከሰዓት በኋላ እታለም ቤት። የኩሽናዋን ቧንቧ አጠበቅሁላት። ማለትም ያጠበቅሁ መሰለኝ... ስወጣ ጠብ ጠብ ማለቱን ቀጥሎ ነበር።

የጎረቤት ልጆች መጥተው ስለነበር ያው ታሪክ ተተረከ። በስልሳ ስምንት ዓመቴ ስንት ጊዜ ሰምቼው ይሆን? ሶፋው ላይ ተቀምጬ ቃላቱን በከንፈሬ እከተላለሁ። አባታችን ከጦር ሜዳ ሲመለስ ጠመንጃውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ መምጣቱ። እሷ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ እኔ ገና ጡት የምጠባ። ሰደፉ ላይ በቢላዋ የተጫሩት ጭረቶች እያንዳንዳቸው የወደቀ ጠላት መሆናቸው። በርሜሉ ጎን ያለችው ቀዳዳ ደግሞ አባታችንን ፈልጋ የመጣች ጥይት የገባችባት... "ብረቱ ዋጠለት" ትላለች እታለም። እዚህ ላይ ሁልጊዜ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። ከዚያ ልጆቹ በየተራ ጣታቸውን ቀዳዳዋ ውስጥ ይከታሉ። እኔም በጊዜዬ ከትቻለሁ።

ከጭረቶቹ አንዱ ጠማማ ነው። እሱ መኮንኑ ነው። ታግሎ፣ ወድቆ፣ ስለ እናቱ ብሎ ለምኖ... የአባታችን እጅ ስለተንቀጠቀጠ ጭረቱ ጠመመ። ልጆቹ ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት እሱን ነው። "የመኮንኑን ድገሚልን" ይሏታል። ትደግምላቸዋለች።

ስሸኝ በሩ ላይ ያዘችኝ።

"ማሙሽ።" የልጅ ልጆች ያሉኝን ሰው በዚህ ስም የምትጠራኝ እሷ ብቻ ናት። "ያ በሬዲዮ ስታነበው የሰማሁት የጠመንጃ ደንብ እኛን አይመለከትም አይደል?"

"ደንብ ሁሉንም ይመለከታል፣ እታለም።"

"የገዛ አባትህን ጠመንጃ?"

"የማን አባት እንደሆነ አይጠይቅም።"

"ጉድ እኮ ነው። አባቱን የማያውቅ ደንብ።"

እየሳቅሁ ወጣሁ። መኪና ውስጥ ስገባ ሳቁ አለቀ።

ጥር 18፣ ሰኞ

ቢሮ ደንቡን አውጥቼ እንደ ባዕድ አነበብሁት። ከዳኝነት ወንበር ከወረድሁ በኋላ ኮሚቴውን የመራሁት እኔ፣ በምክር ቤቱ ፊት ቆሜ ያነበብሁትም እኔ። በቤቱ አሮጌ የጦር መሣሪያ ያለው ሁሉ እስከ መጋቢት መጨረሻ ያስመዝግብ። የሚተኩስ ከሆነ ወደ መንግሥት መጋዘን ይግባ። አለመተኮሱን ባለሙያ ካረጋገጠና ባለቤቱም በገዛ አንደበቱ ካጸናው፣ ከቤት አይወጣም። የሁለቱ ቃል ከተለያየ ግን ለምርመራ... ወደ መጋዘን።

"በገዛ አንደበቱ" የምትለዋን ያስገባሁ እኔ ነኝ። አታስፈልግም ሲሉ ግማሽ ቀን ተከራክሬባታለሁ። ሰው ስለ ንብረቱ ራሱ ይናገር ብዬ። ጥሩ ሐሳብ ነበረ። አሁንም ጥሩ ሐሳብ ነው። ታዲያ ለምን ደጋግሜ አነበብኋት?

መጋዘን የገባ ዕቃ ተመልሶ ሲወጣ እስከ ዛሬ አላየሁም።

ጥር 24፣ እሑድ

ጄኔራሉን ይዤ እታለም ቤት ሄድሁ። የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ነው። ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ አካሄዱ ግን አልወጣም። ስለ አሮጌ መሣሪያ የማያውቀው የለም ብዬ። እሱም እንደዚያው ያምናል።

ግድግዳው ፊት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ። እታለም በየዓመቱ በገዛ እጇ ቫርኒሽ ስለምትቀባው ጠመንጃው እንደ ተጠበሰ ዳቦ ያብረቀርቃል። የእንጨቱ ቀለም እንኳ ምን እንደነበር አይታወቅም።

"የፈረሰኛ ነው" አለ ጄኔራሉ። "የጠላት ፈረሰኛ። ለዚያውም የተመረጠ ክፍል።"

እታለም ለዚህ ቃል ሁለተኛ ሻይ ቀዳችለት።

"አንዴ ላውርደውና ማቀባበያውን ልክፈተው?"

"ከልጆች ጣት በቀር እጅ አይነካውም።"

"ይተኩሳል ግን?"

"እንዴት አይተኩስም? ስንት ሰው የጣለ ጠመንጃ።"

ስንወጣ ደረጃው ላይ ክንዴን ያዘኝ። "ስማ፣ ይህንን ለመርማሪው ከነገረችው ጠመንጃው ሄደ በለው።"

አውቃለሁ።

ጥር 27፣ ረቡዕ

እታለምን ፊት ለፊት አስረዳኋት። ዳኛ እንደነበርሁ ሳይሆን ወንድሟ እንደሆንሁ... እንደዚያ ለማድረግ ሞከርሁ።

"ይተኩሳል ካልሽ ይወስዱታል።"

"አይተኩስም ካልኩስ?"

"ባለሙያ ያየዋል። ካልተኮሰ ይቀራል። ውሸት ከሆነ ግን እኔ በዚያ ወረቀት አጠገብ አልቆምም።"

"እኔ በሕይወት እያለሁ ከዚያ ግድግዳ አይወርድም። ከኔ በፊት አይወጣም ማሙሽ፣ ንገራቸው።"

"እንግዲያው እውነቱን እንወቀው።"

"እውነቱንማ እናውቀዋለን።"

ብዙ ከተነጋገርን በኋላ ሙዚየም ወስደን ለማሳየት ተስማማች። በመኪና ስንሄድ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ልትይዘው። ማንም እንዳይነካው ብላለች። ሳይነካ እንዴት ይታያል? አልጠየቅሁም። አንድ ፍርድ በአንድ ቀን ይበቃል።

የካቲት 2፣ ሰኞ

ጠመንጃ ከቤት ለማውጣት የፈቃድ ወረቀት ያስፈልጋል። ይህንንም ያወጣነው እኛ ነን። ወረፋ ቆምሁ። ጸሐፊዋ ስታየኝ ከወንበሯ ተነሣች፣ "ክቡርነትዎ፣ ወደዚህ ይለፉ" አለች። "ተራዬን እጠብቃለሁ" አልሁ። ኋላዬ የቆሙት ሰዎች አጉረመረሙ፤ የምስጋና መሰለኝ። ኩራት ቢጤም ተሰማኝ።

ጉልበቴ እስከ ማታ ድረስ ሲወቅሰኝ ዋለ። ባለቤቴ በቅባት እያሸችልኝ "መርህ የሚያሳብጠው ጉልበት ነው ለካ" አለች።

የካቲት 5፣ ሐሙስ

ሙዚየሙ። ምን ብዬ ልጀምር...

እታለም ጠመንጃውን እንደ ሕፃን አቅፋ ገባች፤ ጄኔራሉና እኔ ከኋላዋ። የሙዚየሙ ባለሙያ ሳቂታ ሴት ናት፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ደጋግማ የምትፈልግ። የእጅ ጓንቷን አጥልቃ እንዲህ አለቻት፦ "እማማ፣ እኔ እንደ እርስዎ ነው የምይዘው። ክፍሉ ጠባብ ነውና እርስዎ ግቢው ውስጥ አረፍ ይበሉ፤ ወንድምዎ ዓይናቸውን ከላዩ አይነቅሉም።" እታለም ትንሽ አቅማማች። ከዚያ ዘበኛው አጠገብ ያለውን ወንበር አይታ ወጣች። ያልሰማ ጆሮ አግኝታለቻ።

ባለሙያዋ በመጀመሪያ ብረቱ ላይ ያለውን ማኅተም አነበበች። ባሕር ማዶ የተሠራ። አባታችን ሳይወለድ። ከዚያ ጨርቅ በፈሳሽ ነክራ የእታለምን ቫርኒሽ ማስለቀቅ ጀመረች። ድርብርብ ነው፤ ዓመት በዓመት ላይ። ከሰደፉ ዙሪያ አንድ ነጭ ቀለበት ብቅ አለ። በቀለም የተቀባ፣ እንደ ቀበቶ የዞረ።

ጄኔራሉ ሲያወራ የነበረውን አቋረጠ።

ማቀባበያው ብዙ ዘይት ጠጥቶ፣ ብዙ ተለምኖ ተከፈተ። ባለሙያዋ በትንሽ መብራት ውስጡን አየችና ለእኔም አሳየችኝ። ጥይቱን የሚመታው መርፌ ጫፉ ተቆርጧል። "ቀዳዳዋስ?" አልሁ። እየገባኝ እንዳልገባኝ ሆኜ።

"ጥይት ሲገባ ብረቱን ይቀደዋል፣ ጠርዙን ወደ ውስጥ ያጥፈዋል። ይህቺ ግን እንደ ቀለበት ክብ ናት። ጥይት የሚጎርስበትንም ቦታ ሆን ብለው በመሰርሰሪያ በስተውታል። ጌታዬ፣ ይህ ጠመንጃ አባትዎ እጅ ከመግባቱ በፊት ነው መተኮስ ያቆመው።"

ጄኔራሉ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "ዲዳ" አለ።

"ማን?"

"እሱ። ምልምል ሳለን ዲዳ ነበር የምንለው። ያረጀ ጠመንጃ በርሜሉን በስተው፣ መርፌውን ቆርጠው፣ ከደኅናው እንዳይቀላቀል ነጭ ቀለበት ቀብተው ለሰልፍ መማሪያ ይሰጡናል። አንሣ፣ አውርድ፣ ትከሻ ላይ... ስድስት ወር ሙሉ አቅፌው ተኝቻለሁ። እንዴት አላወቅሁትም?"

"የጠላት ፈረሰኛውስ?"

"እሱን ተወው። ሻይዋ ጥሩ ስለነበረች ነው ያልኩት።"

ባለሙያዋ ሳቋን መያዝ አቃታት። እኔም ልስቅ ስል በተከፈተው መስኮት የእታለም ድምፅ ገባ። ለዘበኛው። "...ያን ጊዜ መኮንኑ ስለ እናቴ ብለህ አለው..." ዘበኛው "አይ፣ አይ" ይላል እያዘነ።

"ጭረቶቹስ ምንድን ናቸው?" አልኋት ባለሙያዋን ዝቅ ባለ ድምፅ።

"እሱን አላውቅም። እኔን የሚያናግረኝ ብረት ነው። ቢላዋ የጻፈውን የጻፈው ሰው ይጠየቅ።"

በመመለሻው መንገድ እታለም ኋላ ወንበር ላይ ጠመንጃውን አቅፋ "ምን አሉ?" አለች። "በጣም አሮጌ ነው አሉ" አልሁ። እውነት ነው። "ተጎድቷል?" "አልተጎዳም።" ይህም እውነት ነው። አርባ ዓመት ምስክር ስሰማ ኖሬ እውነት እየተናገሩ መዋሸትን ለካ ከምስክሮች ተምሬያለሁ።

የካቲት 6፣ ዓርብ

አልነገርኋትም።

የካቲት 9፣ ሰኞ

ዛሬም አልነገርኋትም። ባለቤቴ ቀኑን ቆጥራ ያዘችብኝ።

"ያን ሁሉ ፍርድ ያነበበ አፍ በአንዲት ሴት ፊት ይለጎም?"

"ቀስ ብዬ ነው።"

"እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። አንተ ግን እያደርክ ትጨልማለህ።"

እንዴት ብዬ ላስረዳት? እውነቱን ስነግራት ጠመንጃው ግድግዳው ላይ ይቀራል፤ ታሪኳ ግን ይወርዳል። ካልነገርኋት ታሪኳ ይቀራል፤ ጠመንጃው ይሄዳል። እታለም ሁለቱን አንድ አድርጋ ነው የኖረችው። እኔስ? ከአባቴ የማውቀው ያንን ብረት ብቻ ነው። በእቅፍ ሳለሁ ሞተ። ፊቱን አላስታውስም፤ ድምፁን አላስታውስም። ብዙ ሰው የገደለ ሰው ልጅ ነኝ ብዬ በውስጤ የኮራሁበት ጊዜ አልነበረም አልልም።

ጄኔራሉ ደወለ። ጥፋቱን ሊክስ የጡረተኛ ወታደሮችን ማኅበር እያስጨነቀ ነው። "አባትህ ዲዳ ይዞ ከነበረ አሠልጣኝ ነበር ማለት ነው። ያሠለጠነው ሰው በሕይወት ካለ አገኘዋለሁ።" በእሱ ቋንቋ ይህ ይቅርታ ነው።

የካቲት 15፣ እሑድ

አገኘው።

ዘጠና አልፏቸዋል። ከልጃቸው የልብስ ስፌት ቤት ጀርባ ባለች ክፍል ይኖራሉ። መኪናዋ ስትሰፋ ግድግዳው ይርገበገባል፤ እሳቸው ግን አንድ ጆሯቸው ስለማይሰማ በሚሰማው ጆሯቸው በኩል ይተኛሉ። ጄኔራሉ ገብቶ ሰላምታ ሲሰጣቸው ከላይ እስከ ታች አይተውት "ምን ደረስክ?" አሉት። "ጄኔራል፣ አባቴ።" "አይ... እንግዲህ እኔ ከወጣሁ በኋላ ነው።"

የሰደፉን ፎቶ በስልኬ አሳየኋቸው። አራቁት፣ አቀረቡት፣ እንደገና አራቁት።

"ጋሽ ተጠንቀቅ" አሉ።

አባቴን። ስሙን ከምልምሎቹ ማንም አይጠራውም ነበር አሉ፤ ጋሽ ተጠንቀቅ ነው። ሰልፍ አሠልጣኝ። በየዙሩ ምረቃ፣ ከሁሉ በሰልፍ የበለጠው ልጅ ወጥቶ በራሱ ቢላዋ የአሠልጣኙ ዲዳ ላይ አንድ ጭረት ይጭር ነበር። የአንድ ዙር ልጆች አንድ ጭረት።

"ይህቺ ጠማማዋ የእኔ ናት" አሉ፣ ጣታቸውን ስልኩ ላይ አድርገው። "ደስታው እጄን አንቀጠቀጠው። ቢላዋዬም ዶልዱሞ ነበር። ጋሽ ተጠንቀቅ አዩት፣ አዩትና... 'ሰልፍህ ቀጥ ያለ፣ ቢላዋህ ጠማማ። ሆድህን አስገባ' አሉኝ።"

"ሆድህን አስገባ?"

"ንግግራቸው ሁሉ የሚያልቀው በዚያ ነበር። ሲቆጡም፣ ሲያሞግሱም። አንድ ጓደኛችን ሲያገባ ሊመርቁት ተነሡና ብዙ ከባረኩት በኋላ... 'ሆድህን አስገባ።' ሙሽራዋ ናት መጀመሪያ የሳቀችው።"

አዲስ ጠመንጃ ሲመጣ አሮጌዎቹ ሊቀልጡ ነበር። ምልምሎቹ አለቃውን ለምነው የእሱን አስተረፉለት። በአውቶቡስ ሰው እንዳይደነግጥ በብርድ ልብስ ጠቅልለው የሰጡት እነሱ ናቸው።

ከዚያ የእኛን ቤት ታሪክ ነገርኋቸው። የመኮንኑን። ሽማግሌው ደኅናውን ጆሯቸውን አቅርበው ሰሙ።

"እንግዲህ የሞትኩት እኔ ነኝ?"

"ይመስላል፣ አባባ።"

ሳቁ። እንዲያው ሳቁ፣ ሳቁ፣ ልጃቸው መኪናዋን አቁማ ምን ሆኑ ብላ እስክትመጣ። "ለምኜ ነበር?" አሉኝ እንባቸውን እየጠረጉ። "ስለ እናትዎ ብለው።" "እሱስ ልክ ነው። እለምን ነበር።"

እታለምን ማየት ፈለጉ። ቅዳሜ አልሁ።

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ቶሎ አላስነሣሁም። አባቴ ድምፅ አለው። ሆድህን አስገባ...

የካቲት 21፣ ቅዳሜ

ሁለት እንግዳ ይዤ እንደምመጣ ብቻ ነገርኋት። አንዱ ጄኔራሉ፣ ሌላው "የድሮ ወታደር"። የድሮ ወታደር ስትል ዓይኗ በራ። ሽማግሌውን ከጠመንጃው ፊት ለፊት አስቀመጠችና ሳትጠየቅ ጀመረች።

እንደ ዛሬ አሳምራ ተርካው አታውቅም። ጄኔራሉ ጣሪያውን ያያል። እኔ በላብ ተዘፍቄያለሁ። መንገድ ላይ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ፣ ቆዩኝ ብያቸው ነበር፤ ግን በየት በኩል ይገባል? ወደ መኮንኑ ደረሰች። ሽማግሌው ወደ ፊት ዘንበል አሉ።

"ታግሎ ነበር?"

"በጣም።"

"ቁመቱስ?"

"ረጅም፣ ግዙፍ።"

"ይገባል" አሉ፣ የጠበበች ደረታቸውን እየነፉ። ከዚያ ተነሡ። በትራቸውን ተደግፈው ወደ ግድግዳው ሄዱና፣ እጅ በማይነካው ጠመንጃ ላይ አውራ ጣታቸውን ጠማማው ጭረት ውስጥ አሳረፉ። ልክክ አለ ልበል? የአንድ ልጅ ቢላዋ የሄደበትን መንገድ ጣታቸው ያለ ዓይን ተከተለው።

"ቢላዋዬ ዶልዱሞ ነበር፣ እመቤቴ" አሉ። "አባትሽ ሳቁብኝ።"

ሁሉንም ነገሯት። ቀስ ብለው፣ እንደ ምርቃት። ዲዳውን፣ ነጩን ቀለበት፣ ብርድ ልብሱን። እታለም እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ሰማች። ሲጨርሱ ወደ እሳቸው ዞረች።

"ታዲያ አልሞቱም?"

"እስካሁን አልተነገረኝም።"

ተነሥታ ወደ ኩሽና ገባች። በሩን ዘጋች። ያ ቧንቧ ብቻ ይሰማል፤ ጠብ፣ ጠብ። ጄኔራሉ በዓይኑ "ሂድ" ይለኛል። እኔ በዓይኔ "አንተ ሂድ"። ሽማግሌው ብቻ ተረጋግተው ተቀምጠዋል፤ መቀመጥ የለመዱ ሰው ናቸው። ቆየች። እዚያ ምን እንዳደረገች አላውቅም፤ ስትወጣ ፊቷን መታጠቧን ግን አይቻለሁ።

ትሪ ይዛለች። ሻዩን ከሽማግሌው ፊት አስቀምጣ ማንኪያውን አነሣች።

"ለሟች ስኳር ስንት ይደረጋል?"

የካቲት 22፣ እሑድ

ገና ሳልነሣ ደወለች።

"ማሙሽ፣ ከመቼ ጀምሮ ታውቃለህ?"

"ከሙዚየሙ።"

"አሮጌ ነው አሉ ያልከኝ ያኔ?"

"አሮጌ ነው ብለዋል እኮ።"

"ዳኛ።" ስድብ ነበር። ተቀበልሁ።

ከዚያ፦ "አባባ ራሱ እኮ የጦርነት ወሬ አውርቶ አያውቅም። ጭረቶቹን ስቆጥር ፈገግ ይል ነበር፤ በዓመቱ ሞተ። ታሪኩን ማን እንደጀመረው እንጃ... ጎረቤት ይሁን፣ እኔ ልሁን። ብቻ አንድ ቀን አፍንጫህ ደምቶ ከትምህርት ቤት መጣህ። የድልድዩ ልጆች። ትዝ ይልሃል?"

ትዝ ይለኛል። ዳቦዬን ይቀሙኝ ነበር።

"በማግስቱ ሄድኩና አባታችን ቤት ያስቀመጠውን፣ ጭረቱን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስነግራቸው ይጨምር ነበር። መኮንኑ የዚያን ቀን ነው የሞተው መሰለኝ።"

"አንቺ ነሽ የገደልሽው።"

"እኔ ነኝ" አለች፣ ሳቋን ሰማሁት። "ከዚያ በኋላ ማን ነካህ?"

"ማንም።"

"ታዲያ አይተኩስም ይበሉ እንጂ፣ ሠርቷል።"

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። የጠመንጃውን ምንጭ ስፈልግ ከርሜ የደረስሁት አንዲት አሥራ ስድስት ዓመት ያልሞላት ልጅ ድልድይ ላይ ብቻዋን ቆማ ከጎረምሶች ጋር ስትነጋገር ነው። የገዛ ፍርሃቷን ዋጥ አድርጋ።

ግን መርማሪው ፊት ምን እንደምትል አልጠየቅኋትም። በገዛ አንደበቷ ነው። እዚያ እኔ አልገባም።

መጋቢት 3፣ ሐሙስ

መርማሪው መጣ። ባለሙያዋም ወረቀቷን ይዛ። ወጣት ነው፤ እኔን ሲያይ ደነገጠ። "አይዞህ፣ እኔ ዛሬ ወንድም ነኝ" አልሁትና ጥግ ያዝሁ።

"እማማ፣ ይህ መሣሪያ ይተኩሳል?"

እታለም ጠመንጃውን አየች። ጥሩ ልብሷን ለብሳለች። እኔን አየችኝ። ስልሳ ዓመት የተነገረን ነገር በአንድ ቃል ማውረድ... ተከሳሾች ፍርድ ሲነበብላቸው እንደዚህ ነበር የሚቆሙት? እንግዲያው ብዙ ወንበር ማዘጋጀት ነበረብኝ።

"አይተኩስም" አለች። "አባታችን በዚህ ሰው አልገደለበትም። ሰው አቆመበት። ቀጥ አድርጎ።"

መርማሪው ጻፈ። ፈረመች። ከዚያ ሰውየው እርሳሱን ወደ ቀዳዳዋ አስጠግቶ "ይህቺስ?" ሲል፣

"ጣትህን ክተትባት" አለችው። "ሁሉም ይከታል።"

ከተተ።

መጋቢት 19፣ ቅዳሜ

ከሰዓት በኋላ እታለም ቤት። ብርቱካን ይዤ። ቧንቧውን ባለሙያ ጠርታ አሠርታዋለች፤ "አንተ ሳትነካው አምስት ደቂቃ አልፈጀም" አለችኝ ከነጋ በስልክ።

በሩ ክፍት ነበር። ልጆቹ ሞልተዋል። ሽማግሌው ከግድግዳው ሥር፣ በዚያው ወንበር፤ አሁን በየቅዳሜው ልጃቸው ታመጣቸዋለች። እታለም ከጠመንጃው ጎን ቆማለች። ቫርኒሹን አልቀባችውም። ነጩ ቀለበት ከሩቅ ይታያል።

"ስንት ሰው ገደለ?" አለ አንዱ፣ አዲስ መጤ ነው መሰለኝ።

"አንድም።"

ልጆቹ ተያዩ። "ታዲያ ምን ያደርጋል?"

"በየጭረቱ አንድ ሺህ ወታደር ነው ያቆመው።"

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "መቶ ነበርን።"

"እርስዎ ዝም ይበሉ። የሞተ ሰው ምስክር አይሆንም።"

ለቀድሞ ዳኛ አዲስ ሐሳብ ነው። ጣልቃ አልገባሁም። አንድ ሺህ ይሁን። ሁሉም ወደየቤታቸው ተመልሰዋል ወይ ብሎ የጠየቀ ልጅ የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

"ቆይ ላሳያችሁ" አለች። "ተሰለፉ። አንተ ረጅሙ በዚህ። ትንሿ በዚያ። ትከሻ ወደ ኋላ። ዓይን ወደ ፊት።" ከዚያ በዚያች ቀጭን ድምፅዋ፣ ቤቱን አንቀጠቀጠችው። "ተጠንቀቅ!"

ልጆቹ ቀጥ አሉ። ሽማግሌው ወንበራቸው ላይ ቀጥ አሉ። እኔም፣ በሩ ላይ፣ ብርቱካኑ በእጄ እንዳለ፣ ተረከዝ ለተረከዝ አጋጥሜ ቆሜ ራሴን አገኘሁት። ማን አዘዘኝ? ከማን ተማርሁት?

እታለም ሰልፉን እየተመለከተች መጣች። ከትንሿ ጀምራ፣ አንድ በአንድ። የአንዱን አገጭ ቀና፣ የሌላውን እጅ ዝቅ። መጨረሻ ላይ እኔ ዘንድ ደርሳ ቆመች። ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

"ማሙሽ። ሆድህን አስገባ።"

አስገባሁ።